ሰማያዊው እጅ በከሰል ቤቱ ግድግዳ

መጀመሪያ የተናደድኩት በመጽሐፉ ነበር። የታሪክ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፣ እኔ በአማርኛ ማብራራት አለብኝ፣ ልጆቹ ደግሞ በትግርኛ ካልነገርኳቸው አይገባቸውም። ትግርኛ ክፍል ውስጥ መናገር ክልክል ነው። አንድ ነገር በሦስት ቋንቋ እየተጎተተ ልጆቹ ጋ ሲደርስ እስቲ ምኑ ይቀረዋል? ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና አለባቸው፤ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ ነው። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ቁመቴ አጭር፣ ምላሴ ረጅም፣ ትንሽ ነገር ቱግ የሚያደርገኝ ሴት ነበርኩ። አሁንም ያው ነኝ፤ ዕድሜ ጉልበቴን ወሰደ እንጂ ንዴቴን አልነካብኝም።

ትምህርት ቤቱ አስመራ፣ ማይ ጭሆት አጠገብ፣ ጣሊያኖች ያሠሩት የድንጋይ ሕንፃ ነው። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። የትግርኛ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ተለቅመው ሄደዋል፤ የት እንደ ሄዱ የሚጠይቅ የለም፣ የጠየቀም መልስ አያገኝም። ዲሬክተራችን ከሸዋ የመጡ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ጠልቶ መገላገል ይቻላል። እሳቸው ግን በስብሰባ ላይ የእኔ ሐ እና ዐ ከጉሮሮ ሲወጡ ሰምተው ፈገግ ይሉና፣ ወይዘሪት፣ አማርኛ ይህን ያህል ጉሮሮ አይፈልግም ይሉኛል። ሌላው መምህር ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የምበግነው ቤቴ ገብቼ ነው።

በዚያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ላይ የጥንት ሰዎች በዋሻ ግድግዳ ላይ የሳሉት ሥዕል አለ። ፈረንሳይ አገር ነው። ጎሽ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ከዚያ ደግሞ በግድግዳው ላይ የተበተኑ የሰው እጆች አሉ። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው ቀለም በአፋቸው ዙሪያውን ይነፉበታል፤ እጁ ሲነሣ ቅርጹ ይቀራል። ከእጆቹ መካከል ጣታቸው የጎደሉ አሉ። ለምን እንደ ጎደለ መጽሐፉም በእርግጠኝነት አይናገርም። ይህን እያብራራሁ መጽሐፉን ከፍ አድርጌ በየወንበሩ መሃል እየዞርኩ አሳያቸው ጀመር።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የመደበር ቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ትቀመጣለች። መደበር ማለት ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ሳንዱቅ የሚሠራበት፣ በርበሬና እህል የሚፈጭበት፣ ምንም ነገር የማይጣልበት ገበያ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ አባቷ የሚቆርጡትን ቆርቆሮ ስትይዝላቸው መቀሱ የግራ እጇን ሁለት ጣቶች፣ ጠቋሚውንና የመሃሉን፣ ወስዶባታል። በክፍሌ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ብልኋ እሷ ነበረች። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አባቷ ደግሞ ፈተናውን ካለፈች ትቀጥላለች፣ ካልሆነ ግን የጠየቃት ሰው አለ፣ ትዳራለች ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝ ዐይኗን አልሰበረችም። ያን እጇን ግን ሁልጊዜ በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ነው የምትደብቀው። ሁለት ዓመት ሳስተምራት አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

መጽሐፉ እሷ ጋ ሲደርስ ያዝ አደረገችው። ገጹን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራ እጇን ከእጅጌው አወጣችና ከሥዕሉ አጠገብ አስቀምጣ አስተያየችው።

«መምህር፣ የእነሱም አባት ቆርቆሮ ሠሪ ነበር?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ብሞክር አልሆነልኝም። ከዚያን ቀን በኋላ እጇን መደበቅ ተወች፤ ጥያቄ ሲኖራት እንኳ የምታወጣው እሱን ሆነ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ ገጽ አንድን ልጅ ዐይኔ እያየ ሲለውጣት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ ደስታው ናላዬን አዞረው መሰለኝ፣ መጽሐፉን ዘጋሁና እንዲህ ያለ ሥዕል እኛም አገር አለ አልኳቸው። ዓዲ ቀይሕ በኩል፣ የአክስቴ ባል አገር፣ ከገደሉ ሥር ድንጋዩ ላይ በቀይ ቀለም የተሳሉ ላሞች አሉ። ሻኛ የላቸውም፣ ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ማን እንደ ሳላቸው የሚያውቅ የለም። የአገሬው ሰው እዚያ ሥር ጭድ ያስቀምጣል። በልጅነቴ ጭዱ ሲነሣ ከኋላው ላም ብቅ ስትል አይቻለሁ። ልጆቹ አላመኑኝም። አንዱ እጁን አወጣና ይህ በመጽሐፉ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው አለኝ። ሌላው ደግሞ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አለ። ደሜ ፈላ። በልጆቹ አይደለም። ፈረንሳይ አገር ያለው ድንጋይ እውነት፣ ከአስመራ በማኪና ግማሽ ቀን የማይፈጀው ድንጋይ ተረት እንዲመስላቸው ባደረገው ነገር ነው። እንግዲያው ራሳችን እንሠራዋለን አልኩ።

ከመምህራን ክፍል ሥር፣ አምስት ደረጃ ወርዶ፣ በጣሊያን ጊዜ የድንጋይ ከሰል ይቀመጥበት የነበረ ክፍል አለ። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ወጣ ገባ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ደፋ ብሎ ረጅም ልጅ ጎንበስ ካላለ ይመታዋል። ከዚህ የተሻለ ዋሻ ከየት ይመጣል? ዲሬክተሩን አስፈቀድኩ። ስትጨርሱ ኖራ ትቀቡታላችሁ፣ ሌላው ትምህርት እንዳይጓደል ብለው ፈቀዱ። ቁልፉን ከዘበኛው ተቀበልኩ፣ ሁለት ፋኖስ ተዋስን፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እየወረድን መሥራት ጀመርን። አንድ ደንብ ብቻ አወጣሁላቸው። የጥንት ሰው ቀለም ከሱቅ አልገዛም፣ በደጁ ባገኘው ነው የሳለው፣ እናንተም ከደጃችሁ አምጡ አልኳቸው። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልጨመረበትም፣ ማንም አልቀነሰበትም።

ልጆቹ ደንቡን ከእኔ በላይ አጠበቁት። እኔ ላምና አጋዘን እጠብቃለሁ፤ አንዱ ሄዶ ቢስክሌት ሳለ። ምንድን ነው ይሄ ብዬ ስጠይቀው፣ በእኛ ደጅ የሚያልፈው ቢስክሌት ነው አለኝ። ሌላው አውቶቡስ ከነፌርማታው፣ ከነተሰላፊው ሳለ፤ ሦስት ሰዎች ጦር ይዘው አውቶቡሱን ከኋላ ያሳድዱታል። አንዷ ደግሞ አክስቷን ሳለች፤ አክስቷ አጠገቧ ከተሳለው ጎሽ ትበልጣለች። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ሳስበው የጥንቶቹም ሰዎች የሚፈሩትንና የሚፈልጉትን ነው የሳሉት፤ ተውኳቸው።

ጥቁሩን ከከሰሉ ርጋፊ፣ ነጩን ከኖራ አገኙ። ቀዩ ግን አስቸገረ። ቀይ ድንጋይ ለቅመው በመዶሻ ቢቀጠቅጡት አልደቅ አለ። ያኔ የመደበር ሰፈር ልጆች መላ አመጡ፤ ድንጋዩን በጆንያ ተሸክመው በርበሬ ወፍጮ ወሰዱት። ባለወፍጮው እንዴት እሺ እንዳለ እስካሁን አይገባኝም፤ መምህር ልከውን ነው ብለውት ይሆናል። ዱቄቱን በእንቁላል አሽተው፣ የልጅቷ አባት በሠሩላቸው ቀጫጭን የቆርቆሮ ቱቦ መንፋት ሲጀምሩ ጉድ ፈላ። ወፍጮው ውስጥ የቀረው በርበሬ ከቀለሙ ጋር ተደባልቋል። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው፣ ዐይናቸውን እያሹ፣ እያስነጠሱ በደረጃው ሽቅብ ሲሮጡ የላይኛው ክፍል ተማሪዎች በመስኮት ተንጠልጥለው ሳቁባቸው። በማግስቱ ባለወፍጮው ራሱ መጣ፤ ደንበኞቹ በርበሬያችን ውስጥ አሸዋ አገኘን ብለው ወፍጮ ቤቱን ሊያፈርሱበት ደርሰዋል። በግቢው መሃል ስድቡን በትግርኛ አወረደብኝ። እኔም በትግርኛ መለስኩለት፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ዓመት ተከልክዬ የቆየሁትን ሁሉ ነው በእሱ ላይ ያወጣሁት። ሲወጣልን ሁለታችንም ደክሞን በሰላም ተለያየን።

የቆርቆሮ ሠሪው ልጅ ከዚያ በኋላ ያን ቀይ ቀለም አፌ አላስጠጋውም አለች። በማግስቱ ከቤቷ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንዱ እናቷ ነጭ ልብስ ሲያጥቡ ውኃው ላይ የሚጨምሩት ሰማያዊ ዱቄት ነው። ሌላው አባቷ ሳንዱቅ የሚቀቡበት አረንጓዴ ቀለም በጣሳ። የጥንት ሰው ሰማያዊ አልነበረውም አልኳት። ከደጃችሁ አምጡ ብለውናል፣ እኛ ደጅ ያለው ይሄ ነው አለችኝ። ዱቄቱን የምታሟሟበት ውኃ አቀበልኳት።

እዚህ ላይ ስለ ሳንዱቁ መናገር አለብኝ። አባቷ ለሙሽራ የሚሠሩት የቆርቆሮ ሳንዱቅ ክዳኑ ላይ የቅጠል ጉንጉን ይደረግበታል። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ የቅጠል ማኅተም አላቸው፤ ቀለም እየነከሩ ቅጠል በቅጠል ዙሪያውን ይመቱታል። ያን ማኅተም ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትመታላቸው እሷ ናት። ጉንጉን ያልዞረበት ሳንዱቅ ለሙሽራ አይሰጥም፤ ገና አላለቀም። ለእሷ ያለቀ ሥራ ማለት በቅጠል የተከበበ ሥራ ነው።

ሐሙስ ቀን ነው። ሌሎቹ ልጆች ወጥተዋል፤ እሷ ወደ ኋላ ቀርታ በባልዲ እጇን ትታጠባለች። ፋኖሱን አንሥቼ የእያንዳንዱን ሥራ እያየሁ ስሄድ ከጥጉ ደረስኩ። እንደ ትልቅ ትሪ የሰፋ ሰማያዊ ክብ አለ። በመሃሉ የእጇ ቅርጽ አለ፤ አውራ ጣቷ ወደ ጎን፣ የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ራቅ ብሎ ለሚያየው ዝንጣፊ ነው የሚመስለው። በሰማያዊው ላይ ዙሪያውን አረንጓዴ የቅጠል ጉንጉን ዞሮበታል። ፋኖሱን አስጠጋሁት።

ያን ባንዲራ የማላውቀው ይመስላችኋል? ሰማያዊ መደብ፣ አረንጓዴ የወይራ ጉንጉን፣ መሃሉ ላይ የወይራ ዝንጣፊ። የኤርትራ ባንዲራ ነው። ተማሪ ሳለሁ በየጠዋቱ ከሥሩ ተሰልፌ ዘምሬአለሁ፤ ሲወርድም አይቻለሁ። ከወረደ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው እንደ ወንበዴ ነበር የሚፈለገው። ያኔ ልጅቷ ገና ፊደል አልቆጠረችም። ስለ እሱ በቤትም በደጅም የሚያወራ የለም፤ ወላጆች ልጆቻቸው አፍ ላይ እንዳይገባ ይፈራሉ። እሷ የሠራችው የአባቷን ሳንዱቅ ነው። ባንዲራ ያየሁበት እኔ ነኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ቅጠሉን አጥፊው፣ ቀይ ጨምሪበት፣ ይህ አይሆንም፤ ከነዚህ አንዱ። ውኃው እዚያው በባልዲ አለ፣ ቀለሙም አልደረቀም። ልጅቷ እጇን እያደራረቀች መጥታ ከጎኔ ቆመችና ፊቴን አየች። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ አይታዋለች። እኔ ምን አልኳት? ጥሩ ነው፣ አትንኪው አልኳት። ደስ ስላለኝ ነው ያልኩት፣ ለገዛ አንጀቴ ማርኪያ። እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ማንም ሳያየኝ፣ አንድ ጊዜ እንደገና ከሥሩ መቆም አማረኝ። በከተማው ውስጥ ሁለት የማይገኝለት እጅ መሃሉ ላይ እንዳለበት አልታየኝም ልል ነበር። ውሸት ነው፤ ታይቶኛል። ዐውቄ ነው የተውኩት።

ዓርብ ዕለት ዲሬክተሩ ሰኞ የትምህርት ኢንስፔክተር እንደሚመጣ ነገሩን። ዘመናዊ አሠራር የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ የከሰል ቤታችንን ለማሳየት ቸኩለዋል። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ነበረኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እሑድ አመሻሽ ላይ አዲስ ጫማዬን አድርጌ ከጓደኞቼ ጋር ዋናውን ጎዳና ኮምቢሽታቶን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ፤ ቁልፉ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነገ በጠዋት ቀደም ብዬ ጉንጉኑን አጠፋዋለሁ አልኩ። በጠዋት ስደርስ ደግሞ የእንግዳው ማኪና በር ላይ ቆሟል።

ኢንስፔክተሩ የኛው አገር ሰው ነው፤ በዕድሜ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው። በወጉ አንቱ ልለው ይገባኛል፤ አልልም። ፋኖሱን ይዞ እየዞረ፣ ቢስክሌቱንና አውቶቡሱን እያየ ሲስቅ ልጆቹ በኩራት ያብጣሉ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ሳቁ ተቋረጠ። ዲሬክተሩ ከጎኑ ቆመው፣ ይህችን ሥራ ልብ ይበሉልኝ፣ ልጅቷ ጣቷን ሳታፍርበት እንዴት እንደ ተጠቀመችበት ይዩልኝ እያሉ ያብራራሉ። ባንዲራውን አላወቁትም፤ እሳቸው አገራችን ሲገቡ ወርዶ ነበር። ያወቀው የኛው ሰው ነው፣ ከሥሩ ተሰልፎ የዘመረው። ወደ እኔ ዞር አለ። ዐይን ለዐይን ተያየን፤ ማወቄን ዐወቀ። ለአንድ አፍታ የሚያልፈው መስሎኝ ነበር። የት አባቱ ያልፋል! ዲሬክተሩን በክንዳቸው ይዞ ወደ ደረጃው ወሰዳቸውና በጆሯቸው ነገራቸው። የዲሬክተሩ ፊት ዐመድ መሰለ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ አራት ነበርን፤ ዲሬክተሩ፣ ኢንስፔክተሩ፣ ልጅቷና እኔ። ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ እጁን አይተው ነው የጠሯት። ልጅቷ ቆማ አስረዳች። ሳንዱቁን፣ ጉንጉኑን፣ የጎማውን ማኅተም፣ ሁሉንም ተናገረች። ኢንስፔክተሩ እስክትጨርስ ወረቀቱ ላይ ምንም አልጻፈም። ሰማያዊውን ማን አምጪ አለሽ አላት፤ ራሴ አለች። ቅጠሉንስ፤ ራሴ አለች። ባንዲራ የሚለውን ቃል ሲያነሣ ግራ ተጋብታ እኔን አየችኝ፤ ምን ማለቱ እንደ ሆነ የገባት ከእኔ ፊት ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት እንባዬ ለምን እንደ መጣም ያኔውኑ ሳይገባት አልቀረም። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ።

«መምህርሽ ይህ ከተሠራ በኋላ አይተውታል?» አላት።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። አዎ ካለች፣ እኔ የምሄደው ከሥራ ብቻ አይደለም፣ እስር ቤት ነው። እሷ ግን መምህሯ ዐይታ የፈቀደችላት ልጅ ትሆናለች፤ ትገሠጻለች፣ ምናልባት ትገረፋለች፣ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ፈተናዋን ትፈተናለች። አላዩትም ካለች ሁሉም በእሷ ላይ ይወድቃል። ይህን እኔ ዐውቃለሁ። ኢንስፔክተሩ ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

አየችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። ብዙ ነው የጠበቀችኝ፤ ከውጭ የሌላ ክፍል ልጆች የማባዣ ሰንጠረዥ በዜማ ሲሉ ይሰማል፣ ሰባት ላይ እስኪደርሱ ድረስ ሰምቻለሁ። በባለወፍጮው ላይ እንደዚያ የተፈታ ምላስ እዚያ ቢሮ ውስጥ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

«አላዩትም» አለች። «ቅጠሉን የመታሁት እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ እኔ ዞሮ እውነት ነው ወይ አለኝ። «እወ» አልኩ። ወዲያው አረምኩት፤ «አዎ» አልኩ። ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝና ፈረምኩ።

ፈተናው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ተባረረች። በከተማው ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት እንዳይቀበላት ደብዳቤ ተጻፈባት። እኔ ተማሪዎችን በቅርብ ባለመቆጣጠር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ዘበኛው የከሰል ቤቱን ኖራ ቀባው፣ ቢስክሌቱም አውቶቡሱም አክስቲቱም ሄዱ። ዲሬክተሩ ለብቻዬ ጠርተው፣ ወይዘሪት፣ እግዚአብሔር ነው ያወጣዎት አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። አመሰገንኳቸው። ክፍል ስገባ ልጆቹ አይጠይቁኝም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሞልተው ጠጋ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። ትምህርቱን ከአክሱም ቀጠልኩ።

ስንቱን ልናደድበት? ባንዲራውን ባወረዱት ተናድጃለሁ፤ ሕፃን ልጅ የሳለችውን የሙሽራ ሳንዱቅ በፈሩት ተናድጃለሁ። በዚያ የኛው ሰው የተናደድኩትን አልናገረውም፤ ሞቷልና እግዜር ይቅር ይበለው፣ ባይለውም ቅር አይለኝም። በልጅቷ ሳይቀር ተናድጃለሁ። ማን ጠየቃት? እኔን እንድታድን ማን ሾማት? እውነቱን ብትናገር ኖሮ እኔ ታስሬ እወጣ ነበር፤ ሰው ከእስር ይወጣል። እንዲህ እያልኩ ስንት ጊዜ በልቤ እንደ ተጣላኋት ባወራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። የራሴን ምላስ የምቆርጥበት መቀስ ግን አላገኘሁም።

ሦስት ሳምንት አባቷ ፊት ለመቅረብ አልቻልኩም። በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት በእግሬ ወደ መደበር ሄድኩ። ለአባቷ እውነቱን ልነግራቸው ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። ልጅዎ ንጹሕ ናት፣ አይቼዋለሁ፣ አትንኪው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሄጄ ለትምህርት ቢሮው እናገራለሁ። ከአራቱ አንዱን እንኳ ሳልረሳ ነው የደረስኩት። መዶሻው ከዚህም ከዚያም ይመታል፤ ጆሮ ይበጥሳል።

አባቷ ሲያዩኝ መዶሻቸውን አስቀምጠው ተነሡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና ወንበር አመጡልኝ። ልጅቷ ከበስተኋላ የምድጃ በር ትቀባለች፤ አየችኝና ብሩሹን አስቀመጠች። አፌን ሳልከፍት አባቷ ቀደሙኝ። በትግርኛ ነው የተናገሩት፤ የጎረቤት መዶሻ ስለሚያስቸግራቸው ጎንበስ ብለው ጆሮዬ አጠገብ።

«ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች። እነዚያ ሰዎች ፊት ብቻዎን ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ቅጡኝ ብለው ተሟገቱላት። አልሰሙዎትም እንጂ እርስዎ የሚቻለውን አድርገዋል። የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስላስተማራት እኔ አላፍርም።»

ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት። ቆማ ታየኛለች። ቢሮው ውስጥ እንድሆንላት የጠበቀችውን ሰው ራሷ ሠርታ ለአባቷ ሰጥታቸዋለች። ለምን እንደ ሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ለእኔ ብላ፣ ለአባቷ ብላ፣ ወይም ለራሷ ብላ። የመጣሁበትን ነገር ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አባቷ ፈገግ ብለው ያዩኛል፤ እንዳልናገር የከለከለኝ የለም።

ሻሂ አምጪላቸው አሏት። ሄዳ ከጎረቤት አመጣችና ፊት ለፊቴ በርሜሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይጠጡ፣ መምህር» አለችኝ።

ስኳሩ በዝቶ ነበር። አመስግኜ እስከ ታች ጠጣሁት።